ወናፍ የተገጠመላት መኪና

ደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድቤ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የጋራዥ ባለቤት አገባሁ። ባለቤቴ ምሳውን ቆሞ የሚበላ፣ ወንበር የሚቆረቁረው ሰው ነበር። እኔም ከእሱ አልሻልም፤ ከተማዋ ጠብባኝ ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚነሣውን አውቶቡስ ቆሜ ሳላይ አላልፍም ነበር።

በዚያ ዓመት የመኪና ውድድር በጎጃም በኩል እንደሚያልፍ ተሰማ። ባለቤቴ አሮጌ ቀይ መኪና ስለነበረችው ለመወዳደር ቆረጠ። ያስቸገረው ከፍታው ነበር። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ወደ ሮብ ገበያ የሚወስደውን ዳገት መኪናዋ የምትወጣው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው።

ስለዚህ ከተጣለ የመንገድ ሥራ ማሽን ላይ አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚነፋ መሣሪያ ፈትቶ አመጣ። ጋራዡ ውስጥ ወናፍ አሉት። የተሠራው ለትልቅ ሞተር ስለነበር በትንሿ መኪና ላይ አልገጥም አለ። የሞተሩን ክዳን ቆረጠለት፣ መደገፊያ ብረት በየደለት። ወናፉን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በተበጠሰ ቁጥር ቀበቶው የሚጠመጠምበትን መዘውር አንዴ አሳንሶ፣ አንዴ አተልቆ ይቀይራል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሰዓት እየያዝኩ እንሞክራት ጀመር። ብዙ ጊዜ በሰው መኪና ተጎትተን ነው የተመለስነው። አንድ ቅዳሜ ግን ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው። ወናፉ ያፏጫል፤ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሊያቆም ፍጥነት ቀነሰ።

«አትቁም» አልኩት።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሊጠይቁን ከይጁቤ ሲመጡ የባሏን ሱሪ ለብሳ ከጋራዥ የምትመለስ ምራት ጠበቀቻቸው። ብቻዬን ሲያገኙኝ፣ «እሱስ ከልጅነቱም አይረጋም። አንቺ ታረጋጊዋለሽ ብዬ ነበር» አሉኝ። ከእሱ ይልቅ የምቸኩለው እኔ እንደሆንኩ ልነግራቸው አልደፈርኩም። ሻይ ቀዳሁላቸው።

የውድድሩ ቀን ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን እስከ ደጀን ድረስ ማንም አልቀደመንም። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ማዶውን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ባለቤቴ ወዲያው ገባው፤ ለደጋው ስስ አየር ተለክቶ የተገጠመው ወናፍ በቆላው ወፍራም አየር ከልክ በላይ እየነፋ ነበር። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሣ፤ ግን ዘግይቷል። ነጭ እንፋሎት ከፊታችን ተነሣና መኪናዋ ቆመች።

«ሁልጊዜ ደጋ ላይ ብቻ ነው የሞከርናት» አለ።

ሌሎቹ መኪኖች አቧራቸውን እያለበሱን አለፉ። እኔ መንገዱ ዳር እንቆራጠጣለሁ። እሱ ቁጥቋጦ ሥር ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። በቀን ተኝቶ ሳየው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ እውነትም ረጋ። ወናፉን ፈትቶ ጥግ ላይ አስቀመጠው፤ ምሳውን ተቀምጦ ይበላ ጀመር። እኔ ግን ብሶብኝ ማታ ማታ ጓዳና ሳሎን እመላለሳለሁ። በመጨረሻ መልሶ እንዲገጥመው ጠየቅኩት።

«ለማን ብዬ?» አለኝ።

«ለእኔ። መንዳት አስተምረኝ።»

ወናፉን ከጥጉ አንሥቶ እያገላበጠ፣ በቆላው አየር ከልክ በላይ እንዳይነፋ መዘውሩን አተልቆ ዝግ ብሎ እንዲዞር ማድረግ እንዳለበት ነገረኝ። ሥራው ክረምቱን ፈጀ። መስከረም ላይ መሪውን ለቀቀልኝና ከጎኔ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ቀን የጋራዡን አጥር ገጭቼ አፈረስኩ። አጥሩን ያጠረው እሱ ስለነበር ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ወርዶ ቆርቆሮውን ወደ ጎን ጎተተልኝና ተመልሶ ገባ። ታኅሣሥ ላይ እስከ ጉንደ ወይን ነድቼ ወሰድኩት፤ መንገዱን ሙሉ በሁለት እጁ የበሩን መያዣ እንደጨበጠ ነበር።