ማንን ልጥላ?

አዜኖር ኬርማዴክ በወረቀት ላይ «የክልልና የአካባቢ ቱሪዝም አስተባባሪ» ትባል እንጂ፣ የዕለት ሥራዋ ማስታረቅ ነበር። በፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ጠረፍ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሦስቱ ወደቦች ዓይንና ናጫ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ቢሮ፣ የራሱ ፖስተርና የራሱ ኩርፊያ አለው። እንግዳ መጥቶ ወደ ጎረቤት ወደብ መንገድ ቢጠይቅ እንኳ «እዚያ ምን አለና?» ብለው ይመልሱታል። እሷ በዝናቡ በንፋሱ በመሀላቸው ስትመላለስ ባሏ፣ «አንቺ እኮ ያገባሽው ወደቦቹን ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። ኋላ ቀልዱን ትቶ፣ እሷንም ትቶ ሄደ።

ከስንት ውጣ ውረድ በኋላ ሦስቱም ክልሉ ለሚያሳትመው የጋራ ፖስተር በአንድ ፎቶ ተስማሙ፦ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር የሚደረስባት ትንሽ ደሴት። በደሴቲቱ ፊት ለፊት ያለውን ቢሮ የሚመራው ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ጎንቫል ብቻ ፊቱ አልፈታ አለ።

«ፎቶው ያምራል፣ ልጄ። ግን ያ ውኃ ሲመለስ ከጀርባ ዞሮ ነው የሚመጣው። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሳይተከል አንድም ሰው እንዳትጠሪብኝ።»

«ይተከላል፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የሚተክለው?»

«ክልሉ።»

ክልሉን ብትጠይቅ «መንገዱ የወደቡ ነው» አላት። የወደቡ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ «ፖስተሩ የክልሉ አይደል?» አለ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሮጥ የማተሚያው ቀን ደረሰ። ሰሌዳው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ሲባል፣ ስንት ዓመት የለፋችበት ስምምነት እንዳይፈርስ ፈርታ ዝም አለች።

ነሐሴ ላይ ከሊል ከተማ የመጡ ባልና ሚስት ከደሴቲቱ ሲመለሱ ጉም ወረደባቸው፤ ውኃውም ከጀርባ ዞሮ ከበባቸው። ጎንቫል በጀልባው ደርሶ ሚስትየዋን አወጣት። የባልየውን አስከሬን ባሕሩ ከቀናት በኋላ ራሱ መለሰው።

በተጠራው ስብሰባ ላይ ሁሉም «የእኛ ድርሻ አልነበረም» ሲሉ ጎንቫል ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

«ዕድሜ ልካችሁን በአንድ ነገር ተስማምታችሁ አታውቁም፤ ዛሬ እጅ ለመታጠብ ተስማማችሁ!» አለ። ከዚያ ወደ አዜኖር ዞረ። «አንቺስ? አንድ ቃል የለሽም?»

አዜኖር ማስታወሻ ደብተሯን ከደነች።

በመከር ሚስትየዋ ሉዲቪን ተመልሳ መጣች፤ ቦታውን የሚያሳያት ሰው ፈልጋ ነበር። አዜኖር ይዛት ሄደች። ሁለቱ ሴቶች እርጥብ አሸዋው ዳር ቆሙ።

«ፖስተሩን ባሌ ወጥ ቤታችን ለጥፎት ነበር» አለች ሉዲቪን። «ከሞተ በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከታች የስንቱ መሥሪያ ቤት ምልክት ተደርድሯል! እስቲ ንገሪኝ፣ ከእነዚህ ሁሉ ማንን ልጥላ?»

«እኔን» አለች አዜኖር። «ሁሉንም ያስማማሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳ እንደሌለም አውቅ ነበር።»



«አንቺ ብቻሽን አትበቂኝም» አለች ሉዲቪን፤ ብቻዋንም ወደ መኪናዋ አቀናች።

ሦስቱ ወደቦች ወደየፖስተራቸው ተመለሱ። ሰሌዳውን ጎንቫል ከጀልባው ጣውላ ጠርቦ ማንንም ሳያስፈቅድ ተከለው። አዜኖር ሥራዋን ለቃ እዚያው ጠረፍ ላይ ኦይስተር የሚሉትን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ ለቃሚ ሆነች፤ ወገቧ እስኪቆረጥ አጎንብሳ ትውላለች። ጎንቫል በአጠገቧ ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሳላታል፤ ቆሞ ግን አያዋራትም።