የጥሩነሽ እግር እና የተተወው ኪኒን

ወገኖቼ፣ ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልመሰክር ነው የቆምኩት። ከመጀመሬ በፊት ግን ሰዎቹን አንድ በአንድ ልጥራ፤ ስም የማይጠራ ምስክር ወሬኛ ነው። መጀመሪያ ባለቤቴ ጥሩነሽ፤ ያቺ ከፊት ረድፍ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ናት። ቀጥሎ ልጄ ቃልኪዳን፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። ዳዊት፣ የሳጉሬ ከተማ ልጅ፣ ቃልኪዳንን ሊያገባ ሽማግሌ የላከ። አጎቱ አቶ ቱፋ፣ የሽማግሌዎቹ መሪ። ሆስፒታል ያከመችን አንዲት ወጣት ሐኪም፤ የእሷን ስም ሳልጠይቅ ቀረሁ። በመጨረሻም እኔ በቀለ፣ እዚሁ አሰላ ወፍጮ ቤት ያለኝ።

አሜን ለማለት አትቸኩሉ፤ ልጨርስላችሁ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት እህል ሊያስፈጩ የሚመጡ ተማሪዎችን እየጠየቅሁ ነው። ሞተር ቢበላሽ ራሴ ፈትቼ ራሴ እገጥማለሁ። መጽሐፍ ቅዱስንም ከዳር እስከ ዳር ብቻዬን አንብቤያለሁ። ይህ ሁሉ ደግሞ ልቤን አሳበጠው። ጥሩነሽ እሁድ ጠዋት፣ «የቃልኪዳን አባት፣ ዛሬ እንኳ አብረን እንሂድ» ስትለኝ፣ «አንብቤ የጨረስኩትን ሰው እየጮኸ እንዲነግረኝ አልፈልግም» እላት ነበር። እሷም ትስቅና፣ «አንተ ጨርሰኸዋል፤ እሱ ግን አንተን ገና አልጀመረህም» ብላኝ ትወጣለች። እንደዚህ ያለች ሴት ሰጥቶኝ ነበር። ስሙ ይባረክ!

ጥሩነሽ ደም ግፊት አለባት። ለዓመታት አምሎዲፒን የሚባል ኪኒን ስትውጥ ኖራለች፤ ግፊቷም ረግቶላት ነበር። በኋላ መጠኑ ከፍ ሲደረግላት ቁርጭምጭሚቷ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ደህና ይሆናል፤ ሲመሻሽ ጫማ አልገባም ይላታል። ሐኪም ጠይቂ አላልኳትም። «እርጅና ነው፤ ጨው ቀንሺ» አልኳት። እኔ የማላውቀው ነገር አልነበረማ!

ከዚያ የሳጉሬ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ቱፋ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያስኬዱታል። «አካም ጂርቱ! እንደምን ናችሁ! ይህ ቤት ለምለም ነው ቢሉን ችግኝ ልንለምን መጣን» አሉ።

«ችግኝ ለማንም አይሰጥም፤ መሬቱ ይታያል» አልኩ።

«መሬታችንማ ጥቁር አፈር ነው። ድንጋይ ብንዘራ ይበቅላል!»

ተሳሳቅን። እንደ ደንቡ ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ቀጠሮ ሰጠሁ። ይህን ጊዜ ጥሩነሽ ሻይና ዳቦ ይዛ ብቅ አለች። ሌላ ጫማ እምቢ ስላላት በነጠላ ጫማ ነበረች። የአቶ ቱፋ ዓይን ወደ እግሯ ወረደና እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ጨዋታም አልመጣላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከሳጉሬ ስንዴ የሚያመጣ አንድ ነጋዴ ወፍጮ ቤት መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ፤ እነዚያ ሰዎች ዘር እያጣሩ ነው» አለኝ።

«የማንን ዘር?»

«የእትዬ ጥሩነሽን። እግራቸው ዝሆኔ ነው፣ ነገ በልጅ ልጆቻችን ይወጣል እያሉ ነው።»

በእኛ ደጋ እግሩ ያበጠ ሰው እንዴት እንደሚሸሽ ታውቃላችሁ። ቀብር ላይ እንኳ ራቅ ብሎ ይቆማል። ዛሬ እላለሁ፤ ዝሆኔስ ቢሆን ኖሮ? በሽተኛን መናቅ ከበሽታው ይከፋል። ያኔ ግን እንዲህ አላልኩም። ቤት ገብቼ ጮህኩባት።

«በቀጠሮው ቀን ከጓዳ እንዳትወጪ!»

«ልጄ ስትጠየቅ ጓዳ ልደበቅ? ምን ሰርቄ?»

«እግርሽን ደብቂ ነው ያልኩሽ!»

ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። መግባቷን እሺታ አድርጌ ቆጠርኩት።

በቀጠሮው ቀን ጥሩነሽ ጥቁር ሽፍን ጫማ አድርጋ ወጣች። እግሯ ቀጥኖ የሙሽራ እግር መስሏል። አቶ ቱፋ አይተው ፊታቸው ፈካ፤ «ገለቶማ! ገለቶማ!» እያሉ አመስግነው መረቁ። ነገሩ አለቀ፣ የሰርግ ቀን ተቆረጠ። እንግዶቹ ሲሄዱ፣ «አየሽ? ጨው ቀንሺ ያልኩሽ ይኸው ሠራ» አልኳት።

ፈገግ አለችና ግንባሯን በእጇ ያዘች። «ራሴን ትንሽ ያመኛል» አለች።

«ደስታ ነው» አልኳት።

ወገኖቼ፣ ደስታ አልነበረም።

ሰርጉ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ምሳዬን ይዛልኝ መጣች። ወፍጮው ይጮሃል፤ ስትወድቅ አልሰማሁም። የሰማሁት ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ጩኸት ነው። ስደርስ አፏ ወደ አንድ ጎን ጠሟል፤ ቀኝ እጇ የእሷ አይመስልም። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ቃልኪዳንም ከትምህርት ቤት እየሮጠች ደረሰች።

ወጣቷ ሐኪም፣ «የግፊት መድኃኒቷን በደንብ ትወስዳለች?» ብላ ጠየቀች።

«በሚገባ!» አልኩ።

ከኋላዬ ቃልኪዳን፣ «አትወስድም» አለች።

ዞርኩባት። እሷም፣ «አባባ፣ ካቆመች ቆየች። እግሬን የሚያሳብጠው ኪኒኑ ነው አለችኝ። አንድ ሰሞን ከፋርማሲ ጠፍቶ ሳትወስድ ስትቀር እብጠቱ ጎድሎላት ነበር። ሰርጉ እስኪያልፍ ብቻ ነው ብላኝ ነው» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎን ደፍሮ ማን ይነግራል?»

ብዙ ሰው ሰድቦኛል። እንደዚህ ቃል ግን የቆረጠኝ የለም፤ ስድብ አልነበረማ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። «እናትሽ ልክ ናት፤ እብጠቱ ከመድኃኒቱ ነው፣ በብዙ ሰው ላይ ይታያል። ያኔ ብትመጡ መጠኑን እንቀንስ ወይም በሌላ እንቀይር ነበር። በራሷ ስታቆም ግፊቷ አሻቀበና ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። መትረፏን እርግጠኛ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም።»

ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። አንድ ጥያቄ መጠየቅ!

አንድ ጠዋት አንዲት ነርስ ውኃና ፎጣ ሰጥታኝ፣ «አባቴ፣ እግሯን ያጥቡላት» አለችኝ። ደብቂ ያልኳትን እግር በእጄ ያዝኩ። ቀጭን ነው፤ እብጠት የለበትም፤ ሽማግሌ ፊት የማያሳፍር እግር ነው። ጣቶቿን ስነካካ ግን አታውቅም። ያነበብኩት ሁሉ እዚያ ጥሎኝ ሄደ። ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንብቤሃለሁ፤ አላውቅህም። ማረኝ። እሷን አትውሰድብኝ» አልኩ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ብርሃንም አላየሁም፤ ያልሆነውን ጨምሬ በጌታ ስም አልዋሽም። ነገር ግን ከዚያ ወለል ላይ የተነሳው ሰው የተንበረከከው ሰው አልነበረም። ወጥቼ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኋት። በቤታችን አባት ልጁን ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም ነበር። ክብር ለጌታ ይሁን!

ጌታም አልወሰዳትም። አሁን አሜን በሉ! ሐኪሟ ያልገመተችው ሆነ፤ ጥሩነሽ ተቀመጠች፣ ቆየት ብላም ግድግዳ ይዛ መራመድ ጀመረች። መድኃኒቷ ተቀየረ። አዲሱ ደግሞ ደረቅ ሳል አመጣባት፤ በዚህ ጊዜ ግን ዝም አላልንም። ተመልሰን ነገርናቸው፤ እንደገና ቀየሩላት፤ ተስማማት። በየጠዋቱ የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ሰጥቼም እንዴት ነሽ ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሷንም እጠብቃለሁ።

አቶ ቱፋ ሊጠይቋት መጥተው፣ «ምላሴ ነው የጣላት» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዳዊትም ለመነ። ቃልኪዳን ግን፣ «የእናቴ እግር ያስፈራው ቤት አልገባም» ብላ ቀለበቱን መለሰች። አልተጫንኳትም።

እናንተ በየቀኑ ኪኒን የምትውጡ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ እግራችሁ ቢያብጥ፣ ቢያስላችሁ፣ ራሳችሁን ቢያዞራችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪም መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም። አባቶች፣ ቤታችሁ ሰው ታምሜአለሁ ለማለት የማይፈራበት ቤት ይሁን። ጌታንም እመኑት። እኔን የሚያህል ደረቅ ሰው ከተቀበለ ማንንም አይመልስም። ዛሬ የተሰበረ ልብ ይዞ የመጣ ካለ ወደ ፊት ይምጣ፤ አብሬው እንበረከካለሁ።

አመሰግነዋለሁ። ሒሳቡን ግን ሳልነግራችሁ ብቀመጥ ግማሽ ምስክር እሆናለሁ። ጥሩነሽ ቀኝ እጇንና ያንን ተረበኛ አንደበቷን ከፈለች፤ ዛሬ «እሺ» እና «ውኃ» ትላለች፣ ሌላው አይወጣላትም። ቃልኪዳን ትዳሯን ከፈለች። ዳዊት የሚወዳትን አጣ፤ አቶ ቱፋም ሽምግልና ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ይላሉ። እኔ እሁድ ጠዋት የሚጠራኝን ድምፅ ከፈልኩ፤ አሁን ሳልጠራ እመጣለሁ። ይህን ሁሉ የከፈልነው፣ ሰው አይቶ እንዳያማን አንድ እግር እንዲቀጥን ነው።