የማርያም ነው ያልሁት ውሃ

የ2007 ክረምት ነበር፤ ዝናብ የጠፋበት ክረምት። ያን ክረምት ያደረግሁትን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም አልተናገርሁም። ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለው ነበር። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ።

እኛ የቆቦ ቆላ ሰዎች የምናርሰው በሰው ሰማይ ነው። ዝናቡ ከላይ፣ ከተራራው ይዘንባል፤ ጎርፉ ወደኛ ይወርዳል። ደራሹን ውሃ በቦይ ጠልፈን ማሽላችንን እናጠጣለን። ሕጉ ከአባቶች የመጣ ነው፤ የላይኛው ማሳ ሲጠጣ ባለቤቱ የገደበውን አፈር ንዶ ለታችኛው ይለቃል። ተቆጣጣሪ የለውም። እግዜር ያያል ይባላል፣ በቃ።

የኔ ማሳ ከላይ ነው። ከታች ያለው የእማ ዘይነባ ነበር። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምታርስ፣ እንደ እናቴ የማያት ጎረቤቴ ናት።

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎርፉ መጣ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ከሩቅ እንደሚነዳ የከብት መንጋ። ቀጥሎ ቀዩ ውሃ ቅጠልና ገለባ ተሸክሞ በማሽላው እግር ሥር ቀስ ብሎ ገባ። ማሽላው ሲጠጣ የሰማሁት ይመስለኛል። ጭቃው ውስጥ ቆሜ ሕልም ይሁን እውን አልለይም ነበር። የልጆቼ አባት ለቀን ሥራ መተማ ሄዷል። ቤት ውስጥ እህል እያለቀ ነበር።

ማሳዬ ጠጣ። ሞላ። እኔ አፈሩን አልናድሁም።

እማ ዘይነባ አካፋዋን ተሸክማ ከታች መጣች። «አንቺ ልጅ፣ ማሳሽ ጠጥቶ አገሳ እኮ! ሳያስታውክብሽ ለኔም ልቀቂልኝ እንጂ» አለች እየሳቀች።

ያኔ ያን ቃል ተናገርሁ። «የማርያም ነው። ለስለቷ ነው፤ ልለቀው አልችልም» አልኋት።

ስለት ነበረብኝ? ነበረብኝ። አንድ ማዳበሪያ ማሽላ ለማርያም ተስያለሁ። ግን ማርያም ውሃውን ያዢው አለችኝ? አላለችኝም። ሁለተኛ ጎርፍ ባይመጣስ ብዬ የፈራሁ እኔ ነኝ። ፍርሃቴን የእሷን ስም ያለበስሁ እኔ ነኝ። እማ ዘይነባን ብሰድባት ይሻል ነበር፤ ትመልስልኝ ነበር። በዚያ ስም ላይ ማን ይመልሳል?

ሳቋን አቆመች። «የማርያም ከሆነማ ምን እላለሁ። ያረቢ፣ እሷን ማስቀየም ከኔ አይውጣ» አለችና አካፋዋን ተሸክማ ተመለሰች።

ሌላ ጎርፍ አልመጣም። የኔ ማሽላ አፈራ። የእሷ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፤ አገዳውን ለፍየል ሰጠችው። ስለቴን ሳገባ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቄሱ መረቁኝ። የማን ቤት እንደተራበ እያወቅሁ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳምሁ።

ከዚያ ወዲህ ግቢውን በመጥረግ፣ ውሃ በመቅዳት፣ ለነዳያን በማብሰል እኔን የሚቀድም የለም። ስሜ አገልጋይ ሆነ። አገልግሎት ነበር? ወይስ መሸሸጊያ? እግዚአብሔር ግን እንዲያም ሆኜ አልተወኝም፤ ልጆቼን አሳደገልኝ፣ ተመስገን። የመጨረሻ ልጄን ስወልድ ቅቤ ይዛ ከሁሉ ቀድማ የደረሰችውም እማ ዘይነባ ናት።

አሁን ጎብዬ ከተማ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄድሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለልጅ ልጆቿ ስታወራ ደረስሁ፤ «አንድ ክፉ ዓመት ውሃዬን ለማርያም ሰጥቻለሁ። እሷ አትረሳኝም» ትላለች።

ልጆቹ ሲሄዱ ተንበርክኬ ነገርኋት። «ማርያም አላዘዘችኝም፤ እኔ ነኝ።»

«እኔስ ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም። ያንቺን አንቺው ጨርሺ» አለች።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልለመንኋትም፤ ምን አፍ ኖሮኝ?

በማግሥቱ ጠዋት ቅዳሴው ሲያልቅ ሴቶቹን ከደጀ ሰላሙ አቆምኋቸውና፣ በዚያ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ስለቱን ያገባሁት እኔ አይደለሁም፣ ውሃዋን በማርያም ስም ያስቀረሁባት እማ ዘይነባ ናት አልኋቸው።