ባሌ ማንንም አይቀድምም

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ፍሬቻ የሚያበራ ሹፌር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኔ ባል ነው። እያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ከተማ ፍሬቻ ማብራት ምስጢር ማውጣት ነው። ወደ ግራ ልትገባ መሆንህን ከኋላህ ያለው ሰውዬ ካወቀብህ፣ ነዳጁን ረግጦ ቀዳዳዋን ይዘጋብሃል። ባሌ ግን ያበራል፤ አብርቶም ይጠብቃል። ካርቲየ 6 ሰፈር ካለው ቤታችን ተነስቶ ካርቲየ 1 ያለው የአባቱ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ እስኪደርስ ሚኒባሱ ያልፈዋል፣ አረንጓዴና ነጩ ታክሲ ያልፈዋል፣ ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ ያልፈዋል። ፍየል እንኳ ታልፈዋለች። ፍየሏን ደግሞ በእጁ "እለፊ" ብሎ ነው የሚያሳልፋት።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የተዋወቅነውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ዕቃ ሊወስድ ድሬ መጥቶ ሳለ፣ እኔ ልሻገር ስል ዜብራ ላይ ቆመልኝ። አቦ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ ዜብራ ላይ መኪና ቆሞልኝ አያውቅም! የተበላሸበት መስሎኝ "ሰው ልጥራልህ፣ ይግፉህ?" አልኩት። ሳቀ። ጥርሱ ያምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ያው የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ፣ ኒካህ፣ ሻንጣ፣ ጅቡቲ። ሴት ልጅ ስታፈቅር ዜብራ ላይ የቆመላት ሰው ደግነቱ ነው የሚታያት እንጂ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ቆማ እንደምትቀር አይታያትም።

የዚህን ከተማ አነዳድ ለማያውቅ ላስረዳ። መንገዱ ላይ ነጭ መስመር ተቀብቷል። ለሁለት ረድፍ በተቀባው ላይ አራት መኪና ይሄድበታል፤ አምስተኛው በእግረኛው በኩል ይመጣል። ከፈረንሳዮቹ በቀረው ሕግ ከቀኝ የመጣ ቅድሚያ አለው። በተግባር ግን ቅድሚያ ያለው መኪናው ያረጀበት ሰው ነው፤ የሚጫርበት ነገር ስለሌለው ማንንም አይፈራም። መቅደም በግራ ነው ይላሉ። እኔ በግራም በቀኝም ሲቀደም አይቻለሁ፤ እንዲያውም አንዱ ቀድሞን፣ ቆሞ ሲጋራ ገዝቶ፣ መልሶ ሲቀድመን አይቻለሁ። ባሌ በዚህ ሁሉ መሃል ረድፉን ይዞ፣ ከፊቱ ካለው መኪና ርቀቱን ጠብቆ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይሄዳል። ያቺን ርቀት አይቶ የማይገባባት የለም።

"ልጄ፣" አሉት አንድ ቀን እናቱ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ "ያ ክፍት ቦታ ለማን ነው? እንግዳ ጠርተሃል?"

አማቴ የሐረር ሰው ናቸው። መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ከኋላ ሆነው ያላዘዙት ሹፌር ግን የለም። እኔ ደግሞ ጋቢና ነኝ። ሥራ ተከፋፍለናል፤ እሱ መሪውን ይይዛል፣ እኔ ስድቡን። የሶማልኛ ሰላምታ በቅጡ ሳልለምድ ስድቡን አጥርቼ ቻልኩ። መስኮቱን አውርጄ "ዋርያ!" ስል ሶማሌውም አፋሩም አረቡም ዞር ይላል። ባሌ ግን "ተይ እባክሽ፣ ቸኩሎ ይሆናል" ይለኛል። ለሰው ሁሉ መቸኮያ ምክንያት ያገኝለታል፤ ምክንያት የሌለን እኛ ብቻ ነን።

አሁን ስቄ ነው የማወራው። ያኔ እንዲህ አያስቀኝም ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሞቶብናል። ወሩ ሳይሞላ ምጥ ያዘኝ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ባሌ እንደ ልማዱ ረድፉን ጠብቆ፣ ሁሉን እያሳለፈ ሆስፒታል አደረሰኝ። ስንደርስ ልጁ አልነበረም። ሐኪሙ "ቀደም ብላችሁ ብትመጡም የሚለወጥ ነገር አልነበረም" አለን። ጆሮዬ ሰማ፤ ሆዴ ግን አልሰማም። ቤት ስንመለስ ጎረቤቱ ሁሉ "አላህ የተሻለውን ይስጣችሁ" አለን፤ አሚን አልን። ከዚያ በኋላ እኔና እሱ ስለዚያ ልጅ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። የምንጣላው ስለ ፍሬቻ ነበር። ስለ ታክሲ፣ ስለ አደባባይ፣ ስለ ቅድሚያ።

ሁለተኛውን አርግዤ የመውለጃ ወሬ እየገባ ሳለ፣ አንድ ቀን ባሌ ለምሳ እንደመጣ ወገቤን ቆረጠኝ። የመጀመሪያው ምጥ የጀመረኝ ቦታ ላይ ነው የጀመረኝ። ሕመሙን እችለው ነበር፤ ፍርሃቱ ነው ያንቀጠቀጠኝ።

"ተነስ!" አልኩት። "ይሄኛውንስ መንገድ ላይ አልሰጥም!"

አማቴ ቦርሳዬንና የዚክር መቁጠሪያ ሙስበሓቸውን ይዘው ከኋላ ገቡ፤ እኔም አጠገባቸው ገብቼ ጭናቸው ላይ ተደገፍኩ። ባሌ ገባ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ ከዚያ ስፖኪዮውን አስተካከለ። ስፖኪዮ! ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ እሱ ስፖኪዮ ያስተካክላል!

የምንሄድበት ሆስፒታል ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር በኩል ነው። በደህና ሰዓት ሩቅ አይደለም። ያ ሰዓት ግን የጫት ሰዓት ነበር። ከኛ አገር የሚመጣው ጫት ቀትር አለፍ ሲል ከተማ ይገባል፤ መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በፊት ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ከቢሮ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ጫት ሻጮቹ ይተራመሳል። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ቀጥ ብለን ቆምን። ሙቀቱ መኪናውን ምድጃ አድርጎታል። አንድ ታክሲ ገባብን፤ ባሌ አሳለፈው። ሚኒባስ ገባብን፤ አሳለፈው። አንዲት ሴትዮ በትንሽ መኪና ጥግ ላይ ስታመነታ አይቶ፣ በእጁ "ግቢ" አላት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ቅድሚያ የሷ ነው" አለኝ።

"ቅድሚያህ ገደል ይግባ!" አልኩት። ወገቤን እንደገና ሲቆርጠኝ፣ ስንት ጊዜ ጥርሴን ነክሼ የያዝኩት ነገር አመለጠኝ። "ያኛውንም እንዲህ እየነዳህ ነው የገደልከው!"

አማቴ ሙስበሓቸውን መቁጠር አቆሙ። ባሌ ወደኔ አልዞረም፤ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ብቻ ያያል። ጆሮው ቀልቷል። የተናገርኩትን መልሼ ልውጠው ብል የማይቻል ነው።

ከኋላችን የማያቋርጥ ክላክስ የተሰማው በዚህ ጊዜ ነው። እዚህ አገር አምቡላንስ ሲጮህ አንዳንዱ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ "የት ነው የተቃጠለው?" ብሎ የሚከተል አለ። መንገድ ከልብ የሚለቀቀው ለጫት መኪና ብቻ ነው። የጫት ፒክአፑ ሹፌር እጁን ከክላክሱ ሳያነሳ ሲመጣ፣ ሚኒባሱም ታክሲውም የሚኒስቴር መኪናውም ወደ ቀኝ ተለጠፈ። ነቢዩ ሙሳ ባሕሩን ሲከፍሉት እንኳ እንዲህ ቶሎ የተከፈለ አይመስለኝም፤ አስተግፊሩላህ። ትራፊኩ ራሱ በሁለት እጁ "እለፍ፣ እለፍ" ይለዋል።

ፒክአፑ ጎናችንን ጠርጎ አለፈ። ባሌ ፍሬቻ አበራ፤ ወደ ግራ ወጣ፤ ነዳጁን ረግጦ፣ ክላክሱን እያስጮኸ ከፒክአፑ ጭራ ላይ ተለጠፈ።

ወላሂ፣ ያን ሰው አላውቀውም ነበር። ያልተቆራረጠውን መስመር ተሻገረ፤ "አስተግፊሩላህ" አለ። ከፊት በሚመጣው ረድፍ ገባ፤ "አስተግፊሩላህ" አለ። አደባባዩን በግራ ዞረ፤ "ያ ረቢ ይቅር በለኝ" አለ፤ ፍሬቻውን ግን አላጠፋም። በሕገወጥ መንገድ ሲቀድም ፍሬቻ የሚያበራ ፍጡር ከሱ በፊት አልተፈጠረም፤ ከሱም በኋላ አይፈጠርም።

"ከኋላው አትራቅ!" ይላሉ አማቴ ጭንቅላቴን እንደያዙ። "ቦታ እንዳትሰጥ! እንግዳ የለንም!"

ሰዉ ሁለተኛው የጫት መኪና እኛ መስለነው ነበር። ዳር ዳር የቆሙ ወንዶች እጃቸውን ያነሱልናል። አንዲት ጫት ሻጭ እርጥብ ጆንያዋን አራግፋ ከጠረጴዛዋ ተነሳች። ፒክአፑ በቀጥታ ወደ ገበያው ሲሄድ እኛ ወደ ሆስፒታሉ ታጠፍን፤ አንድ ታክሲ እሱን ትቶ እኛን ተከተለ! የሆስፒታሉ ዘበኛም ክላክሳችንን ሰምቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ እየሮጠ መጥቶ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

"ጫቱስ?" አለ።

ሆዴን አሳየሁት። እንደዚያ ቅስሙ የተሰበረ ሰው አይቼ አላውቅም።

አዋላጇ አስተኛችኝ፤ ነካካችኝ፤ ጠየቀችኝ። ሐቁን ለመናገር እኔ አንዱንም አልሰማኋትም፤ የማየው ፊቷን ነበር። ያኔ ያኛው ሐኪም ፊቱን ወደ መስኮት ሲያዞር ነበር ነገሩ የገባኝ። ይቺ አላዞረችም። መሣሪያዋን ሆዴ ላይ አደረገች፤ ክፍሉ በልብ ምት ተሞላ። ይጋልባል። ሌላ የሚባል ነገር የለውም፤ ይጋልባል።

"ይሄስ የአባቱ ልጅ አይደለም!" አሉ አማቴ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። "እንዴት ነው የሚነዳው!"

"ማዳም፣" አለች አዋላጇ፣ "ይህ ምጥ አይደለም። ሰውነትሽ እየተለማመደ ነው። ልጁ ደህና ነው፤ ቦታውም ጥሩ ነው። ቤትሽ ሄደሽ ዕረፊ። ሲደርስ ትመጫለሽ። ቀስ ብላችሁ ንዱ።"

ቀስ ብላችሁ ንዱ! ስንት ሕግ ጥሰን፣ ስንት ሰው አስደንግጠን፣ አንድ ዘበኛ አሳዝነን፣ ቤትሽ ሂጂ። ሳቄ መጣ፤ ተከትሎት እንባዬ መጣ፤ ሁለቱ ተደባልቀው ትን አሉኝ። ልጅቱ ከዚያ በኋላ ጊዜዋን ጠብቃ በሰላም መጣች። ዛሬ ከኋላ ወንበር ቆማ "ባባ፣ ቅደመው!" የምትለው እሷ ናት።

ስንመለስ ጋቢና ተቀመጥኩ። ባሌ ውጭ ሲጠብቅ አንድ ጠርሙስ ውሃ ራሱ ላይ ሳያፈስ አልቀረም፤ ሸሚዙ እርጥብ ነበር። መንገዱ አሁንም ጭንቅንቅ ያለ ነው፤ ጫቱን በላስቲክ የያዘ ሁሉ ወደ ቤቱ ይጣደፋል። ባሌ ረድፉን ይዞ፣ ርቀቱን ጠብቆ ይነዳል። በግራ ያልፉናል፣ በቀኝ ያልፉናል። ቅድም የተናገርኩት ነገር መካከላችን ተቀምጧል። ይቅርታ ልለው አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

አደባባዩን አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣

"ያን ቀን እንዲህ ብነዳ ኖሮስ?" አለኝ።

"ምን?"

"ዛሬ እንደነዳሁት። ያን ቀን እንዲህ ብነዳ ልጁ ይተርፍ ነበር?"

ሐኪሙን ያላመንኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም በየቀኑ፣ በየአደባባዩ፣ ያንን መንገድ እየነዳው ኖሯል። እኔ ሰዳቢ አፍ አለኝ፤ በየመስኮቱ አወጣዋለሁ። እሱ ግን በየት ያውጣው? ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

"አይተርፍም ነበር" አልኩት። "ሐኪሙ ነግሮናል እኮ። በአውሮፕላን ብትወስደኝም አይተርፍም ነበር። አንተ አልገደልከውም።"

ስናገረው ነው እኔም ያመንኩት።

ባሌ ፍሬን ያዘ። ጥግ አልያዘም፣ ፍሬቻም አላበራም፤ በዚያ ሰዓት፣ መንገዱ መሃል ላይ መኪናውን አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ትከሻው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ከኋላችን ከተማው ሙሉ ክላክሱን ለቀቀው። ይጮሃሉ፣ ይሳደባሉ፣ በር ይደበድባሉ፤ ጫታቸው ሊጠወልግባቸው ነው።

አማቴ የኋላውን መስኮት አወረዱ፤ እስከ ወገባቸው ወጡና በሶማልኛ፣

"ዋርያ! ምን ያስጮሃችኋል?" አሉ። "ልጆቼ ለሞተው ልጃቸው እያለቀሱ ነው! በዚያ በኩል እለፉ!"

ክላክሱ ጸጥ አለ። አንድ በአንድ፣ በግራ በኩል፣ ቀስ እያሉ አለፉን።