ምላጭ የነካት አምፖል

የሕንጻችን ደረጃ መብራት ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል። በቆጣቢነቷ በምትታወቀው ከተማችን ጋብሮቮ ውስጥ፣ በተለይ በእኛ መግቢያ፣ ለጋራ ደረጃ አምፖል ልግዛ ብሎ የሚቀድም ሰው የለም። ስለዚህ ሁላችንም ከቁልፋችን ጋር አውራ ጣት የምታህል የእጅ ባትሪ እናንጠለጥላለን።

ባሌ ጌንቾ የእነዚህን ባትሪዎች ብርሃን አይወድም ነበር። «የሰውን ፊት ሬሳ ያስመስለዋል» ይላል። አንድ እሑድ የእኔን ፈታትቶ፣ ከምስር የማትበልጠውን ነጭ አምፖል ነቀለና ቢጫ ቀመስ የሆነች በየደላት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ራይና፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?» ይለኝ ጀመር።

በዚህ የተንገበገበው ሁለተኛ ፎቅ ያለው ስቶይመን ነው። እሱ አርባ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ነው፤ ጌንቾ ግን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲያጠነጥን ያረጀ ሰው ነበር። ስቶይመን በአደባባይ «የጋሪ ፋኖስ!» እያለ ያፌዛል፤ ቤቱ ገብቶ ግን የራሱን አምፖል በየወሩ ይቀያይራል። አንድ ቀን ኩራቱን ውጦ የአምፖሏን የዓይነት ቁጥር ጠየቀ። ጌንቾም ነገረው። ያንኑ ቁጥር ገዝቶ በየደ፤ ከእኔዋ ጎን ሲያበራት ግን አሁንም ነጣ ያለች ነበረች። ሚስቱ ፔንካ «የራይና ትሻላለች» ብትለው ሁለት ቀን አኮረፋት።

ጌንቾ መስከረም ላይ ሞተ። መጋቢት ላይ፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ፎቶው ያለበትን የስድስት ወሩን የሐዘን ወረቀት መግቢያው በር ላይ ለጠፍኩ። ፎቶው ቀጥ ብሎ እንደሆነ ለማየት ባበራ፣ ባትሪዬ ብልጭ አለችና ጠፋች። ድንጋይ ብቀይርላትም አልበራችም። ከስቶይመን ሌላ የምወስድለት ሰው አልነበረኝም።

«ምን ችግር አለ፣ የእኔን እተክልልሻለሁ» አለኝ።

«የጌንቾን አስነሳልኝ፤ ካልሆነ መልሰህ ስጠኝ።»

«ይሄ ሰውዬ ሞቶም አይለቀኝም!»

ፔንካ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ከዚያ መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ አንስታ በሽርጧ ወለወለችና መልሳ አደረገችለት። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ስቶይመን በማጉያው አጎንብሶ ቆየ። «ጠማማ ናት! አላልኩም? አጣሞ ነው የበየዳት!» አለ በደስታ። ማጉያውን ይበልጥ አስጠጋ። «ልጭት አድርጓታል።»

«ምን?»

«ላይዋ ላይ ያለችውን ጠብታ መሳይ ግልጽ ሙጫ በምላጭ ገሽልጦ አንስቷታል። ቢጫነቷ ከዚህ ነው! እኔ ስጠይቀው፣ ተንኮለኛ፣ ቁጥሯን ብቻ!»

«የጠየቅከው ቁጥሯን ነዋ» አልኩት። ለእኔም አልነገረኝም ነበር፤ እሱን ግን አላወጣሁትም።

የአንድ ጎኗ ብየዳ ለቅቆ ነበር። «ራቁቷን ናት። ወረንጦው አንዴ ከጫራት አለቀላት» አለ። መበየጃውን አነሳ። ፔንካ ከሥር የእጁን አንጓ ደገፈችለት፤ እሱም ልማዱ ስለሆነ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ትንሽ ጭስ ወጣ። በራች።

«ላቃናት እችል ነበር» አለ፤ «ግን ተዪው፣ ጥመቷም የእሱ ነው።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ፊት አበራት። «እስቲ ዞር በይ።» የፔንካ ጉንጭ ቀላ፤ የፊቷ ሽብሽብ ለስለስ አለ። ጌንቾ እኔን ያየኝ በነበረበት ዓይን አያት።

«ስጠኝ፣ ድንጋዩ ያልቃል» አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

ስቶይመን ሁለት አምፖል በምላጭ አበላሽቶ በሦስተኛው ተሳካለት። አሁን ፔንካም እንደ እኔው ያለ ብርሃን ይዛ ትወጣለች። እኔ አራተኛ ፎቅ በራፌ ላይ ስቆም፣ ያ ቢጫ ብርሃን ከታች ደረጃውን ሲወጣ አየዋለሁ፤ ወደ እኔ የሚመጣ ይመስል ቁልፌን ሳላዞር እጠብቀዋለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ይቆማል። በር ይከፈታል፤ ብርሃኑም ይጠፋል።