ከማሽላ ጉድጓድ የወጣው ሞተር

ወልድያ ጋራዥ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ዕቃ ማጠብ ነበር። ግማሽ በርሜል ናፍጣ፣ አንድ ብሩሽና የተፈታ ካምቢዮ አቀረቡልኝ። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ፣ «ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አሉኝ። «ሥራ» አልኩ። «እንግዲያ እጠቢ። የያዝሽውን ሁሉ ግን ስሙን ጠይቂ።» ትምህርት ቤቴ ይኸው ነው። ከአጣቢነት ወደ ረዳትነት፣ ከዚያም ሞተር ወደ መፍታት ወጣሁ። ረጅም ካቻቢቴ ሞተር ላይ አስደግፌ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የኩሽኔታን ድምፅ ከቫልቭ ድምፅ መለየት የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ኋላ መርሳ ከተማ ላይ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር፣ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ።

የጎረቤታችን የግራና ከተማው የፍራፍሬ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ነጭ ቮልስ ነበረቻቸው። የሚነዳት ልጃቸው ያሲን ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። ድምፅዋ ጠጠር በጣሳ እንደሚናጥ ነው፤ ሳትታይ ትታወቃለች።

ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ሰው መኪናው ተነድቶ እንዳይወሰድበት ዕቃ እየፈታ ደበቀ። ባትሪ የቀበረ አለ፣ ጎማ የሰቀለ አለ። ሐጂና ያሲን ሞተሩን ራሱን አወረዱት። የቮልስ ሞተር የሚያዘው በአራት ቡሎን ነው፤ ሁለት ሰው ካለ ይወርዳል። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው ማሽላ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። በማግሥቱ ያሲን ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር በእግሩ ወደ ደሴ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

መንገዱ ሲከፈት ሐጂ ቮልሷን አስጎትተው፣ ሞተሩን ለብቻው አስጭነው መጡ። እኔም ከስደት ተመልሼ የተረፈኝን መፍቻ እየለቀምኩ ነበር። ቢላ ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«ገመዱን አትቁረጪው፣ ፍቺው። ያሲን ነው ያሰረው።»

በጥፍሬ ፈታሁት። ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

ሞተሩ ነክሷል፤ አልዞርም ብሏል። ጉድጓዱ ለማሽላ እንጂ ለብረት አልተማሰም፤ እርጥበት ገብቶ ፋሻውን፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ከሲሊንደሩ ጋር አጣብቆታል። ሁለት መንገድ ነገርኳቸው። አንዱ የድሮውን ማደስ ነው፤ ፒስተንና ሲሊንደር ግን መገኘቱን እንጃ። ሌላው ወልድያ ያለውን ያሁን ዘመን የሱዙኪ ሞተር መግጠም ነው። እሱ በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ከፊት ራዲያተር ይፈልጋል፤ የኋላው ላሜራም ይቆረጣል። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።

«ይታደስ» አሉ።

«ሐጂ፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል እኮ።»

«ልጅ እየጠበቅሁ ፒስተን መጠበቅ ያቅተኛል? ሲመጣ ድምፅዋን ከሩቅ ሰምቶ ቤቱ እንዳለ ይወቅ።»

የድሮውን ማጽዳት ጀመርኩ።

በጁምዓ፣ ሐጂ መስጊድ ሳሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ በባጃጅ መጡ። ቮልሷን አንዴ ዞሯትና፣ «ዘነቡ፣ ሞተሩን ቀይሪው» አሉኝ።

«ሐጂ እኮ የሚፈልጉት ድምፅዋን ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ያን የመሰለ ድምፅ ሲያልፍ ያሲን ነው ብዬ በር እከፍታለሁ። እንግዲህ ሐጂ ከገበያ በተመለሱ ቁጥር ልከፍት ነው? ወላሂ አልችለውም።»

«ለሳቸው ይንገሯቸዋ።»

«ልባቸው ይሰበራል።»

«ካልነገሯቸው የአንቱ ይሰበራል። እኔም በድብቅ አልቆርጥም።»

ጎማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሐጂ ከሶላት በኋላ ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ አይተዋቸው ሣቁ። «አንቺ ደግሞ መካኒክ ሆንሽ?»

እትዬ ከድጃ አልሣቁም። ለእኔ ያሉትን፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ለሳቸው ደገሙት።

«በር በር ስትዪ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎሽ ነበር የሚመስለኝ» አሉ ሐጂ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቁረጪው።»

ላሜራውን ስቆርጥ ሐጂ ጀርባቸውን ሰጥተው ማንጎው ሥር ተቀመጡ።

ያለቀ ዕለት ሐጂ ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ያልተነሣ መስሏቸው ደግመው ሲያዞሩት ማስነሻው ሞተሪኖ ጮኸ።

«ተነሥቷል እኮ፣ ሐጂ።»

«ተነሥቷል?» አሉና እጃቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። እትዬ ከድጃ ገብተው በሩን ዘጉ። አስፋልቱ ላይ እስኪወጡ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምንም አልሰማሁም።

ያሲን ይህን እስከጻፍኩበት ድረስ አልመጣም። የድሮው ሞተር ዘይት ተቀብቶ እኔ ጋ አለ። መኪናዋ ላይ ባይመለስም፣ ያሲን ሲመጣ እዚሁ አስነሥቼ እንዳሰማው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር ፒስተን እጠይቃለሁ።

እናንተ የሙያው ልጆች፣ ደንበኛ ማለት ቁልፍ ይዞ የመጣው ብቻ አይደለም። ላሜራ ከመቁረጣችሁ በፊት፣ መኪናዋን ቤት ሆኖ የሚሰማትንም ሰው ጠይቁ።