ድስቷ የሌለችበት ሥዕል

የእህቴ ልጅ ሠዓሊ ናት። የልጅነቴን ድሬዳዋ በሥዕል መጽሐፍ አወጣለሁ ብላ፣ ስንት ከሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ ስታስለፈልፈኝ ከረመች። ባለፈው ሰሞን ታትሞ መጣ። ገለጥኩት፣ ደሜ ፈላ።

መጀመሪያ ደቻቱን፣ የድሬን ወንዝ፣ አየሁ። አቦ! ሰማያዊ አድርጋ፣ ዳር ዳሩን አበባ ተክላበት፣ ልጆች የወረቀት ጀልባ ያንሳፍፉበታል። ደቻቱ እኮ አሸዋ ነው! በጃንሆይ ጊዜ ኳስ የምንራገጠው፣ ግመል የሚያርፈው እዚያው መሀሉ ላይ ነበር። ውሃ ሲመጣ ደግሞ፣ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ከላይ ከተራራው ዘንቦ ዛፍ እየገነደሰ ነው የሚመጣው። ጀልባ ትለኛለች! ይህንንስ ስቄ ባለፍኩት።

ያናደደኝ የሚቀጥለው ገጽ ነው።

እኛ ከዚራ ሰፈር ነበርን፣ አባቴ ምድር ባቡር ይሠራል። ጓደኛዬ ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ አሸዋውን አቋርጬ እነሱ ቤት እሄዳለሁ፤ ጎርፍ ከያዘኝ እዚያው አድራለሁ። እናቴ አጥባቂ ክርስቲያን ናት። ከጎርፉ ይልቅ የምትፈራው ሥጋውን ነበር። "የሙስሊም ሥጋ ትበይና፣ ውርድ ከራሴ!" ትለኛለች። ይህን የሰማችው የጓደኛዬ እናት፣ ልጆቿም ሰፈሩም አዴ የሚሏት፣ አንድ ጊዜ ጎርፉ ሲጎድል ራሷ እጄን ይዛ እናቴ ዘንድ መጣች። "ለልጅሽ የራሷ ድስት አለቻት። ሥጋ አይነካትም" አለቻት። ከዚያ ወዲያ እናቴ ደቻቱ ሲሞላ ዳር ወጥታ መጮኋን ተወች።

ድስቷ ትንሽ ናት፣ ጎኗ ሰርጎድ ያለ። ሌላ አይሠራባትም፤ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ለብቻዋ ተሰቅላ ትውላለች።

አንድ ቀን ጎርፍ አግቶኝ ድንች እየተሠራልኝ ሳለ፣ ጓደኛዬ የፍየል ወጡን ባማሰለችበት ጭልፋ የኔን ድንች አማሰለችው። አዴ አየች። ድንቹን እንዳለ ደፋችው! እኔ ርቦኛል፣ አፌ ምራቅ ሞልቷል።

"አዴ፣ ማን አየ?" አለች ጓደኛዬ።

አዴ ድስቷን በአመድና በአሸዋ እየፈተገች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "እናቷ አምናኝ ማዶ ተቀምጣለች" አለች። ከዚያ እንደ አዲስ ድንች መላጥ ጀመረች።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አንድ በአንድ ነግሬያታለሁ። ድስቷን ጭምር! እሷ ምን ሣለች? አዴ የሥጋ ጉርሻ አፌ ውስጥ ስትከት! አንድ ትሪ፣ ዙሪያውን እኛ፣ መሀሉ ላይ ቅልጥም። ከሥሩ "ድሮ ልዩነት አልነበረም" ብላ ጽፋበታለች።

"ድስቷስ?" አልኳት።

"አክስቴ፣ ድስቷ እኮ መለያየት ትመስላለች። ፍቅሩ እንዲታይ ብዬ ነው።"

ፍቅሩ! ፍቅሩማ የተደፋው ድንች ላይ ነበር! ልዩነትማ ነበረ፤ አዴ ልዩነቱን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው ነው ስለፈልፍልሽ የከረምኩት! ጮህኩባት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት፣ አይቆጨኝም።

ጓደኛዬ ዛሬም መጋላ ናት። ስለ መጽሐፉ ሰምታ በማግስቱ መጣች። ልደብቀው ፈልጌ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ቀድማ እጇ ላይ አኖረችላት። ደቻቱ ላይ ስትደርስ ሳቀች። "ወላሂ፣ ይሄ ደግሞ የት አገር ነው?" አለች። ቀጣዩን ገለጠች። ሳቋ ቆመ። መነጽሯን አወለቀች፣ በሻሿ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ጣቷን አዴ እጅ ላይ፣ ጉርሻው ላይ አሳረፈች።

"እናትሽ ይህን ብታይ ኖሮ፣" አለችኝ፣ "ሁለተኛ እኛ ቤት ትልክሽ ነበር?"